ከወንድሜ ደረት የወጣው ደም ለምን ተመልሶ አልተሰጠውም?

ጥያቄው የደረሰኝ ከጎንደር፣ ከአዘዞ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ሰላም ዶክተር። ወንድሜ ከዓመት በፊት ሳንባ ነቀርሳ ይዞት መድኃኒቱን ጨርሷል። በኋላ ግን ደረቱ ውስጥ መግል ቋጠረ፣ ሳንባውም አልከፈት አለ። በቅርቡ ደረቱ ተከፍቶ ኦፕራሲዮን ተደረገ። ከጎኑ በገባው ቱቦ የሚወርደው ደም ጠርሙሱን ሞላው። ደም አምጡ ተባልን። ሌሊቱን ሙሉ ዘመድ ስንቀሰቅስ አድረን ሁለት ከረጢት ተሰጠው። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው የራሱ ደም ግን ዓይናችን እያየ ተደፋ። አሜሪካ ያለው የአጎቴ ልጅ ይህን ሲሰማ ተናደደ። የእሱ አባት ልቡን ኦፕራሲዮን ሲደረግ የፈሰሰው ደም በማሽን ተመልሶለታል። አክስቴ ደግሞ የተበላሸ ደም ነው፣ እንኳን ወጣ ትላለች። እናቴ እስካሁን ‹የልጄን ደም አስደፋሁ› እያለች ታለቅሳለች። ትክክሉ የቱ ነው? ሌላ ኦፕራሲዮን ሊያስፈልገው ይችላል ተብለናል። ያኔ ደሙ እንዲመለስለት መጠየቅ እንችላለን?»

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት ይህን ለእናትዎ ይንገሩልኝ። ያ ደም መደፋት ነበረበት። ለወንድምዎ ቢመለስ ኖሮ ሊገድለው ይችል ነበር። እሳቸው ልጃቸውን አልበደሉትም። የአጎትዎ ልጅም አልዋሸም። ሰው የራሱ ደም ተሰብስቦ ይመለስለታል፣ ይህ እውነት ነው። ግን እሱ ያየው ደምና እናንተ ያያችሁት ደም የተለያዩ ናቸው። ሁለቱም ቀይ ስለሆኑ ነው ነገሩ የሚያሳስተው። ወንድምዎን እኔ አላየሁትም፣ የምመልሰው ከጻፉልኝ ተነስቼ ነው። ግን የጻፉልኝ ብዙ ይናገራል።

ከጠርሙሱ ልጀምር። በእኛ አገር የደረት ቱቦ አብዛኛውን ጊዜ የሚገናኘው ውሃ ካለበት ጠርሙስ ጋር ነው። የቱቦው ጫፍ ውሃው ውስጥ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይጠልቃል። ከደረት አየርና ፈሳሽ ይወጣል፣ ውጭ ያለው አየር ግን ተመልሶ እንዳይገባ ውሃው ያግደዋል። እንዲህ ባይሆን ሳንባው ይኮማተራል። ስለዚህ ጠርሙሱ አንዲት ጠብታ ደም ሳይወርድበት በፊት ግማሽ ሊትር ያህል ውሃ ወይም ሳላይን (ጨው ያለበት የሕክምና ውሃ) ሊኖረው ይችላል። ቤተሰብ ከሩቅ አይቶ «አንድ ሊትር ደም ፈሰሰ» ሲል፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹ ቀድሞ የተጨመረ ሊሆን ይችላል። ነርሶች ጠርሙሱ ላይ ፕላስተር ለጥፈው መነሻውን የሚያሰምሩት ለዚህ ነው።

ተራ ውሃ ደግሞ ቀይ የደም ሴልን ያጠፋል። ሴሉ ውሃውን ወደ ውስጡ ይስባል፣ ያብጣል፣ ይፈነዳል። ውስጡ የነበረው ሄሞግሎቢን፣ ማለትም ደምን የሚያቀላው ፕሮቲን፣ ፈሳሹ ውስጥ ይበተናል። እንዲህ ያለ ደም ወደ ደም ሥር ቢገባ ሽንት ይቀላል፣ ኩላሊትም ሊጎዳ ይችላል። በዚያ ላይ ጠርሙሱ አየር ማስወጫ ቀዳዳ አለው። ወለል ላይ ይቀመጣል፣ ከክፍሉ አየር ጋር ይገናኛል። ከደረት የወጣን ነገር ለመቀበል የተሠራ ዕቃ ነው፤ ወደ ደም ሥር የሚመለስ ነገር ከእሱ አይቀዳም።

አሁን ጠርሙሱን ተዉትና ደሙን ብቻ እንመልከት። ከኦፕራሲዮን በኋላ በቱቦ የሚወርደው ነገር በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ደም ይመስላል። እየቆየ ሲሄድ ግን ከቁስሉ የሚመነጭ ፈሳሽ እየበዛበት ይቀጥናል። ቀለሙ ግን ለረጅም ጊዜ ቀይ ሆኖ ይቆያል። ትንሽ ሄሞግሎቢን ብዙ ፈሳሽ ያቀላል። የጤነኛ ሰው ደም ከመቶ 40 ያህሉ ቀይ ሴል ነው እንበል። ከደረት ቱቦ የሚሰበሰበው ግን ብዙ ጊዜ ወደ 20 ወይም 30 ይወርዳል፣ በኋላም ከዚያ በታች ይሆናል። ሒሳቡን እንሥራው። 600 ሚሊ ሊትር ወረደ እንበል። ከመቶ 20 ቀይ ሴል ቢኖረው፣ 120 ሚሊ ሊትር ቀይ ሴል ነው። ከጤነኛ ለጋሽ የተቀዳ አንድ ከረጢት ደም 450 ሚሊ ሊትር ነው። ከመቶ 40 ስናሰላው 180 ሚሊ ሊትር ቀይ ሴል ይይዛል። ያ ሁላችሁንም ያስደነገጠው ጠርሙስ ከአንድ ከረጢት ያነሰ ነው ማለት ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ እኔ በጣም የምፈራው ይህን ነው። ደም ደረት ውስጥ ሲፈስ ከሳንባና ከልብ ሽፋን ጋር ይነካካል። ሳንባ ይነፋል፣ ልብ ይመታል፣ ደሙ ይናጣል። በዚህ መሃል የማርጋት ሥራውን እዚያው ይጀምራል። ደም የሚረጋበት ፋይብሪኖጅን የሚባል ፕሮቲን አለ። እሱ ደረት ውስጥ ተበልቶ ያልቃል፣ ደም ለማርጋት የሚያግዙት ፕላትሌት የሚባሉ ጥቃቅን የደም ክፍሎችም እንዲሁ። ስለዚህ ከደረት የሚወርድ ደም ብዙውን ጊዜ ጠርሙሱ ውስጥ ሳይረጋ ፈሳሽ እንደሆነ ይቀራል። ቤተሰብ ይህን አይቶ «ያልረጋ ትኩስ ደም ነው» ይላል። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። የማይረጋው የሚያረጋው ነገር ስላለቀበት ነው። በምትኩ የረጋው ደም ሲሟሟ የሚቀሩ ስብርባሪዎች ሞልተውበታል። የፈነዱ ሴሎች፣ የስብ ጠብታዎች፣ ሰውነትን የሚያስቆጡ ንጥረ ነገሮች አሉበት። ይህን ሳያጥቡ በብዛት ለሚደማ ሰው ቢመልሱት የበለጠ ሊያደማው ይችላል። ደም ሰጠነው ብለን ደም መፍሰሱን እናብስበታለን።

ወደ ወንድምዎ ጉዳይ ስንመጣ ደግሞ ክርክሩ ያበቃል። የተደረገለት ሳንባው ላይ እንደ ቅርፊት የተጋገረውን መግልና ጠባሳ መላጥ ይመስለኛል። ከደረት ኦፕራሲዮኖች ሁሉ ብዙ ደም ከሚፈስባቸው አንዱ ነው። አንድ ትልቅ ደም ሥር ስለተቆረጠ አይደለም፤ የተላጠው ገጽ በሙሉ ስለሚያንጠባጥብ ነው። ያ ደም የሚያርፈው ደግሞ መግል በነበረበት ቦታ ነው። ባክቴሪያ ይኖረዋል ብሎ መገመት ግዴታ ነው። ያንን ወደ ደም ሥሩ መመለስ ማለት ደረቱ ላይ ተወስኖ የቆየውን ኢንፌክሽን ወደ መላ ሰውነቱ መልቀቅ ነው። የአጎትዎ ልጅ ያየው ማሽን ጎንደር ላይ ተተክሎ ቢሆን እንኳ፣ ለዚህ ኦፕራሲዮን ከመደርደሪያው አይወርድም ነበር።

ለመሆኑ ያ ማሽን ምንድን ነው? ሴል ሴቨር ይሉታል። ኦፕራሲዮኑ ገና ሲጀመር ዝግጁ ይሆናል። ሐኪሙ የፈሰሰውን ደም ለብቻው በተዘጋጀ መምጠጫ ይስባል። ደሙ እዚያው መምጠጫው ጫፍ ላይ እንዳይረጋ ከሚያደርግ ሄፓሪን ጋር ይገናኛል። ከዚያ ተጣርቶ ማጠራቀሚያ ውስጥ ይገባል። ማሽኑ በኃይል ያሽከረክረዋል። ጠላ ሲጠል አተላው እንደሚዘቅጠው ሁሉ፣ ከባዱ ቀይ ሴል ወደ አንድ ወገን ይለያል፣ ቀላሉ ፈሳሽ ከነስብርባሪው ይወገዳል። ቀጥሎ በብዙ ሳላይን ይታጠባል። የተበተነው ሄሞግሎቢን፣ ሄፓሪኑ፣ ስቡ አብዛኛው ተጠርጎ ይሄዳል። መጨረሻ ላይ ከረጢት ውስጥ የሚገባው ከመቶ 50 እስከ 60 ያህሉ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ቀይ ሴል የሆነ ወፍራም ደም ነው። ይህ ሁሉ በደቂቃዎች ያልቃል። የአጎትዎ ልጅ አባት ያገኙት ይህንን ነው። ንጹሕ ደረት ውስጥ የፈሰሰ፣ ወዲያው የተሰበሰበ፣ የታጠበ ደም።

እሱም ቢሆን ሙሉ ደም እንዳይመስላችሁ። እጥበቱ መጥፎውን ሲወስድ ጥሩውንም ይወስዳል። ፕላትሌትና ደም የሚያረጉ ፕሮቲኖች አብረው ይታጠባሉ። ብዙ ሊትር የታጠበ ደም የተመለሰለት ሰው በለጋሽ ፕላዝማ (ፈሳሹ የደም ክፍል) እና ፕላትሌት ካልተደገፈ መድማቱ ላያቆም ይችላል። በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ ታካሚ አዲስ ዕቃ ይከፈታል። ዕቃው ውድ ነው፣ የሰለጠነ ሰውም ይፈልጋል። ስለዚህ በየሆስፒታሉ አይገኝም። የትልልቅ ልብና ደም ሥር ኦፕራሲዮን ዕቃ ነው።

ባክቴሪያን በተመለከተ ደግሞ እጥበቱ ይቀንሰዋል እንጂ አያጠፋውም። የካንሰር ሴልም እንዲሁ። አንጀት ወይም የምግብ ቧንቧ ተቀዶ ምግብና ዓይነ ምድር የተቀላቀለበት ደም፣ አዮዲን ወይም ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ የፈሰሰበት ደም፣ ደም ለማቆም የሚነሰነስ ዱቄት የገባበት ደም አይመለስም። ሞትና ሕይወት ሲፋጠጡ ሐኪሞች አንዳንዱን ክልከላ አመዛዝነው ያልፉታል። ያ ግን ሌላ አማራጭ በጠፋበት ሰዓት የሚወሰን ነው።

እዚህ ላይ የአጎትዎን ልጅ የሚደግፍ አንድ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ ልብ ቀዶ ሐኪሞች ከኦፕራሲዮን በኋላ በደረት ቱቦ የሚወርደውን ደም ሳያጥቡ፣ በማጣሪያ ብቻ አሳልፈው መመለስ ጀምረው ነበር። በ1978 አሜሪካ ውስጥ ሻፍ የተባለ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት መንገዱን ከከፈቱት አንዱ ነው። በ1980ዎቹ ኤች አይ ቪ ሲመጣ የሰው ደም ተፈራ፣ ዘዴው ይበልጥ ተስፋፋ። ውሎ ሲያድር ግን ጥቅሙ የታሰበውን ያህል አልሆነም። የተመለሰው ደም የመርጋት ችግር አመጣ። ሌላም ጣጣ ነበረው። ልብ መጎዳቱን ለማወቅ የሚታዩ ኢንዛይሞች ከደረት በሚወርድ ደም ውስጥ እጅግ ከፍተኛ ናቸው። ያ ደም ሲመለስ ምርመራው ልብ የተጎዳ ያስመስላል፣ ሐኪሙንም ያሳስተዋል። በ2011 የአሜሪካ የደረት ቀዶ ሐኪሞች ማኅበርና የልብ ማደንዘዣ ሐኪሞች ማኅበር በጋራ ባወጡት መመሪያ፣ ከኦፕራሲዮን በኋላ ከደረት ቱቦ የሚወርድን ደም እንዳለ መመለስ አይመከርም፣ ሊጎዳም ይችላል ብለዋል። ታጥቦ መመለስን ግን አልከለከሉም።

እስካሁን ያልኩትን አንብቦ «የደረት ደም በቃ አይመለስም» ብሎ የሚደመድም አንባቢ እንዳይኖር እፈራለሁ። እንዲያውም ሽንጤን ገትሬ የምከራከርለት ተቃራኒ ጉዳይ አለ። በስለት የተወጋ ወይም በጥይት የተመታ ሰው ደረቱ ውስጥ አንድ ሊትር ተኩል ደም ይዞ ይመጣል እንበል። ጊዜው ሌሊት ነው። ከጎንደር ራቅ ያለ ሆስፒታል ነው። ደም ባንኩ ሩቅ ነው። ቁስሉ ትኩስ ነው፣ ሆዱና የምግብ ቧንቧው አልተነካም። የዚህ ሰው ደም መደፋት የለበትም። ንጹሕ በሆነ ከረጢት፣ እንዳይረጋ ከሚያደርግ ሲትሬት ጋር፣ ለሰባት እጅ ደም አንድ እጅ ያህል ተደርጎ ይሰበሰባል። ማጣሪያ ባለው የደም መስጫ ቱቦ ወዲያው ይመለሳል። ቢዘገይ ቢዘገይ ማሰባሰቡ ከተጀመረ ስድስት ሰዓት ማለፍ የለበትም። እኔ ግን ከአራት ሰዓት በላይ የቆየ ደም መመለስ አልወድም። ከላይ የዘረዘርኩት የመርጋት ችግር ይህም ደም አለው። ግን እዚያ አልጋ ላይ ያለው ምርጫ ይህ ደም ወይም ምንም ነው። ሙሉ ሰውነቱ አራት ሊትር ከምናምን ደም ላለው የ60 ኪሎ ሰው፣ አንድ ሊትር ተኩል ማጣት ቀልድ አይደለም።

ይህም አዲስ ግኝት አይደለም። በ1886 ኤድንብራ ውስጥ ጆን ደንካን የተባለ ቀዶ ሐኪም እግሩ ከተቆረጠ ሰው የፈሰሰውን ደም መልሶለታል። በ1914 ከማህፀን ውጭ እርግዝና ፈንድቶባቸው ሆዳቸው ውስጥ ደም ለሞላ ሴቶች የራሳቸው ደም መመለሱ ጀርመን ውስጥ ተዘገበ። በ1917 ደግሞ ኤልመንዶርፍ የተባለ ጀርመናዊ ከደረት የተቀዳ ደም መመለሱን ጻፈ። የጻፈውም ስለ ትኩስ የደረት ደም ነበር። ያ ቁምነገር ዛሬም አልተለወጠም። ከማህፀን ውጭ እርግዝና ሲፈነዳ ደሙን በንጹሕ ዕቃ ቀድቶ፣ በተደራረበ ጎዝ አጣርቶ መመለስ በብዙ የአፍሪካ ሆስፒታሎች እናቶችን አትርፏል።

ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ይህ ውሳኔ የሚወሰነው ቱቦው ከመግባቱ፣ ሆዱ ከመከፈቱ በፊት ነው። ከረጢቱ፣ ሲትሬቱ፣ ማጣሪያው ቀድሞ መዘጋጀት አለበት። አንዴ ውሃ ያለው ጠርሙስ ውስጥ ከወረደ በኋላ «አሁን መልሱልን» ማለት አይቻልም። ስለዚህ እናትዎ አልጋው አጠገብ ቆመው ጮኸው ቢሆን ኖሮ እንኳ የሚለወጥ ነገር አልነበረም።

ስለ አክስትዎም ልመልስ። እኛ አገር ደም ማውጣትን እንደ ፈውስ የማየት ልማድ አለ። ዋግምት ያደጉበት ሰዎች ጠቆር ያለ ደም ሲያዩ ክፉው ወጣ ይላሉ። የወንድምዎ ደም ሲወጣ ክፉ አልነበረም። ከራሱ ሥር የወጣ፣ በጣም የሚያስፈልገው ደም ነበር። ከወጣ በኋላ ያረፈበት ቦታ ነው ያበላሸው። «እንኳን ወጣ» የሚለው አነጋገር አንድ አደጋ አለው። መድማትን ቀላል ነገር ያስመስለዋል። አስታማሚ እንዲህ ካሰበ ጠርሙሱ ሲሞላ ነርስ አይጠራም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ኦፕራሲዮን። ደሙ እንዲመለስለት አትጠይቁ። መግል ያለበት ደረት ከሆነ መልሱ አሁንም አይሆንም ነው። ከዚያ ይልቅ ብዙ ሊለውጥ የሚችለው ከኦፕራሲዮኑ በፊት ያሉት ሳምንታት ናቸው። አጥብቄ የምለምናችሁ ይህንን ነው። ሰው ወደ ኦፕራሲዮን ክፍል የሚገባው ሄሞግሎቢኑ በዴሲ ሊትር 9 ግራም ሆኖ ከሆነ፣ ትንሽ ሲደማ ደም ያስፈልገዋል። 13 ሆኖ ከገባ ግን ያንኑ ያህል ደምቶ ያለ ደም ሊወጣ ይችላል። ልብ ኦፕራሲዮን በተደረገላቸው ወደ 5,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ ተሠርቶ በ2017 በታተመ ጥናት፣ ሄሞግሎቢን ከ7.5 በታች እስኪወርድ ጠብቆ ደም መስጠት ቀደም ብሎ ከመስጠት የከፋ ውጤት አላመጣም። ስለዚህ በ9 እና በ7.5 መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ነው፣ በ13 እና በ7.5 መካከል ያለው ግን ብዙ ነው። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ስለሆነች፣ የከተማው ጤነኛ ሰው ሄሞግሎቢን ከቆላው ትንሽ ከፍ ይላል። 12 የሆነ ወንድ እዚህ ደህና ነው ብሎ ማለፍ አይገባም።

የወንድምዎ የደም ማነስ መነሻው ግን ሁለት ሊሆን ይችላል። አንዱ የደም መፍሰስና የብረት እጥረት ነው። ሌላው የቆየው ኢንፌክሽን ራሱ ነው። ሰውነት ሲታመም ብረቱን ይቆልፋል፣ ከአንጀትም እንደ ልቡ አይቀበልም። ለዚህ ነው የብረት ክኒን ለወራት ውጦ ሄሞግሎቢኑ ንቅንቅ የማይለው ሰው የሚያጋጥመን። ፌሪቲን የሚባል፣ የብረት ክምችትን የሚያሳይ ምርመራ ያግዛል፣ ምንም እንኳ በኢንፌክሽን ጊዜ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ሊያታልል ቢችልም። ክኒኑ ካልሠራ በደም ሥር የሚሰጥ ብረት አለ፤ ኢንፌክሽኑ ከበረደ በኋላ ለእሱ ይሆን እንደሆነ ሐኪሙን ጠይቁ። ዋናው ግን መግሉ በቱቦና በመድኃኒት መድረቁ ነው። ያ ካልሆነ ሌላው ሁሉ ድካም ነው።

ምግብም ይቆጠራል። ጉበትና ቀይ ሥጋ ውስጥ ያለው ብረት ከአትክልት ይልቅ በቀላሉ ወደ ደም ይገባል። ጾም ከሆነ የነፍስ አባቱን ያማክር፤ ለታመመ ሰው ጾም እንደሚፈታ ራሳቸው ይነግሩታል። እሺ ካላለ ምስር፣ ሽምብራ፣ ጎመን ከሎሚ ወይም ከብርቱካን ጋር ይብላ። ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ከክኒኑ ጋር አይጠጣ። ብረቱን ያስሩታል። ቡናው ቢያንስ ከአንድ ሰዓት በኋላ ይሁን። የበሽተኛ ዘመድ ለመጠየቅ ሲመጣ ከምሳው ጋር ቡና እንደሚፈላ አውቃለሁ። ለጥቂት ሳምንታት የእሱ ስኒ ትቆየው።

ለማደንዘዣ ሐኪሙና ለቀዶ ሐኪሙ የምታነሱት ሌላ ጥያቄ ትራኔክሳሚክ አሲድ ነው። የረጋ ደም ቶሎ እንዳይሟሟ የሚያደርግ መድኃኒት ነው። ርካሽ ነው፣ የዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። በ2010 በታተመውና ከ20,000 በላይ አደጋ የደረሰባቸው ሰዎች በተካተቱበት ጥናት ሞትን ቀንሷል። ጥቅሙ ግን በሦስት ሰዓት ውስጥ ለተሰጣቸው ነው። ከኦፕራሲዮን በፊት በደም ሥር ሲሰጥም መድማትን ይቀንሳል። ወንድምዎ ከዚህ በፊት እግሩ ላይ ወይም ሳንባው ላይ የረጋ ደም ተገኝቶበት ከነበረ፣ ወይም የሚጥል በሽታ ካለበት፣ ቀድማችሁ ተናገሩ። አስፕሪን ወይም ለሕመም የሚወስደው እንደ ዳይክሎፌናክ ያለ መድኃኒት ካለም ሳትደብቁ ተናገሩ።

አንዳንዶች «ታዲያ ከኦፕራሲዮኑ በፊት ከራሱ ቀድተን እናስቀምጥለት» ይላሉ። ይህም አሠራር አለ፣ ለጤነኛ ሰው። ደም ላነሰውና ኢንፌክሽን ላለበት ሰው አይሆንም። የተቀዳው ደም ባክቴሪያ ይዞ ሊቀመጥ ይችላል፣ እሱም ይበልጥ ደም አንሶት ወደ ኦፕራሲዮን ይገባል።

የምትለፉበት ሌላው ነገር ለጋሽ ነው፣ ግን በሌሊት አይደለም። ያ ሌሊት የደረሰባችሁ ጭንቀት እንዳይደገም ቀኑ እንደተቆረጠ ቀድማችሁ ደም ባንክ ሂዱ። ቀይ ሴል በማቀዝቀዣ እስከ 35 ቀን ይቆያል። ስለዚህ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳምንት በፊት መለገስ በጣም ተገቢ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ቢያንስ 45 ኪሎ የሆነ ጤነኛ ሰው በየሦስት ወሩ መለገስ ይችላል። ደሙ ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረስ ቢ እና ሲ፣ ለቂጥኝ ይመረመራል። ምርመራው ጊዜ ይፈልጋል። እኩለ ሌሊት ላይ «አሁን ቀድታችሁ አሁን ስጡት» የሚለው ልመና ይህንን ጊዜ ነው የሚሻማው። ከደምቢያ ወይም ከመተማ በቅርቡ የመጣ ዘመድ ካለ፣ በቅርብ ጊዜ ወባ ይዞት ከነበረ ሲጠየቅ እውነቱን ይናገር። ወባ በደም ይተላለፋል።

የሥጋ ዘመድ ደም ይሻላል የሚል እምነትም አለ። አባትና ልጅ፣ ወንድምና እህት ደማቸው ይስማማል ይባላል። በሕክምናው በኩል ግን የቅርብ ዘመድ ትኩስ ደም አልፎ አልፎ በጣም ከባድ ችግር ያመጣል። የለጋሹ ነጭ ሴሎች ተቀባዩ ሰውነት ውስጥ እንደ ባዳ ሳይታዩ ይቀሩና ሰውነቱን ያጠቃሉ። እምብዛም አይደርስም፣ ከደረሰ ግን ማዳኑ ከባድ ነው። እርስዎ ሄደው ይለግሱ፣ ደምዎ ለሌላ ሰው ይሁን። ለወንድምዎ ደግሞ የማያውቁት ሰው የለገሰው ይድረሰው።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ አልጋው አጠገብ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። ጠርሙሱ ሁልጊዜ ከደረቱ በታች ይሁን። አልጋ ስትቀይሩ፣ ወደ ራጅ ስትወስዱት ማንም ወደ ላይ እንዳያነሳው። ከተነሳ ፈሳሹ ወደ ደረቱ ይመለሳል። ቱቦውን በራሳችሁ አትቋጥሩ፣ አትዝጉ። አየር እየወጣለት ከሆነና ከተዘጋ፣ አየሩ ደረቱ ውስጥ ተጨናንቆ በደቂቃዎች ሊገድለው ይችላል። ጠርሙሱ ቢሰበር የቱቦውን ጫፍ ንጹሕ ውሃ ውስጥ ነክራችሁ ነርስ ጥሩ።

የሚወርደውን በሰዓት በሰዓት ጻፉ። በሰዓት 200 ሚሊ ሊትር ገደማ ለተከታታይ ሁለትና ሦስት ሰዓት ከወረደ፣ ቀዶ ሐኪሙ መጠራት አለበት። መልሶ መክፈት ሊያስፈልግ ይችላል። ያን ጊዜ ዋናው ጥያቄ ደም ከየት እናምጣ አይሆንም፣ የሚደማው የት ነው የሚለው ይሆናል። በድንገት መውረዱ ቢቆምም አትደሰቱ። ሲወርድ የነበረው ደም ጸጥ ብሎ ወንድምዎ መተንፈስ ካቃተው፣ ፊቱ ከገረጣ፣ ላብ ካጠመቀው፣ ልቡ በኃይል ከመታ፣ ቱቦው በረጋ ደም ተዘግቶ ደረቱ ውስጥ እየሞላ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሞላ ጠርሙስ የበለጠ ያስፈራል።

የአጎትዎ ልጅ ደውሎ ከጠየቀ ከላይ ያለውን ያንብቡለት። ማገዝ ከፈለገ ደግሞ የብረት መርፌው እዚህ ከጠፋ የሚገኝበትን መንገድ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግሮ ይፈልግ። እርስዎ የፌሪቲንና የሄሞግሎቢን ውጤቱን፣ የኦፕራሲዮኑን ወረቀትና መግሉ ተመርምሮ ከሆነ የላብራቶሪውን መልስ ይላኩልኝ። ቀኑ ከመቆረጡ በፊት አይቼ እመልስልዎታለሁ።